የገብስማ ላባ ዝንብ

ለቀምት የገባሁት በመስከረም መጨረሻ ነው፤ ዝናቡ ገና አልቆረጠም ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኛ ከሸዋ የምንሄደው ሰዎችም ነቀምቴን ያኔ ለቀምት ነበር የምንላት። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስንመረቅ የምድብ ቦታችንን በዕጣ አወጣን። ጓደኞቼ ናዝሬት፣ ደሴና ደብረ ማርቆስ ሲደርሳቸው ለእኔ ወለጋ ወጣልኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የእጅ ሥራና የባልትና መምህርት ነበርኩ፤ ጥልፍ፣ ዳንቴል፣ ሹራብና ልብስ ስፌት አስተምር ነበር።

አውቶቡሱ ባኮንና ሲሬን አልፎ ወደ ከተማው ሲጠጋ ተሳፋሪው በሙሉ በኦሮምኛ ይጫወት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከተጠበሰ በቆሎዋ ከፍላ ሰጠችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ፈገግ ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። እሷም ፈገግ አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከሰው ጋር የነበረኝ ነገር ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ በፈገግታ ይጀመርና እዚያው ላይ ያልቃል።

የተከራየኋት ክፍል ባላቸው በሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ እናቴ እንደማለት ነው። እኔም አዮ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ የጋራ ቃል አልነበረንም። አዮ የወንጌል አማኝ ናቸው፣ እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ። ረቡዕና ዓርብ እኔ ስጾም እሳቸው ወተት ያፈላሉ፤ እሑድ እሳቸው ለመዝሙር ሲወጡ እኔ ከቅዳሴ ተመልሼ ጋደም ብያለሁ። ጥላቻ አልነበረም። ሰዓታችን አይገጥምም ነበር እንጂ።

ከትምህርት ቤት የምመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ እስኪመሽ ያለው ጊዜ ነበር የሚከብደኝ። የተማሪዎቼን ጥልፍ አርማለሁ። ለእህቴ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ አንብቤው እቀደዋለሁ፤ ስለ ዝናብ ብቻ የጻፍኩ ይመስለኝ ነበርና። አንዳንድ ቀን ድምፄን ለመስማት ብዬ ብቻ የተማሪዎቼን ስም ከመዝገቡ ላይ ጮክ ብዬ እጠራ ነበር።

በኅዳር ወር መንጋጋዬ አበጠ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሚሲዮን ክሊኒክ ሂጂ አለኝ፤ እዚያ የጥርስ ሐኪም አለ ብሎ። ሐኪሙ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ረዥም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ቅንድባቸው ሁሉ የሸበተ። «አከም ጅርታ?» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነበር። ፈረንጁ በኦሮምኛ ሲያናግሩኝ እኔ ኢትዮጵያዊቷ ዝም ማለቴ ከጥርሴ ይልቅ አመመኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ኦሮምኛ እንደማልችል ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። እሳቸውም ሲመጡ አንድ ቃል እንደማያውቁ፣ ቋንቋውን የተማሩት ከሕመምተኞቻቸው አፍ እንደሆነ አጫወቱኝ።

መርፌ ወግተውኝ ድዴ እስኪደነዝዝ እንድጠብቅ ነግረውኝ ወጡ። በመስኮቱ በኩል፣ ከጥርስ መንቀያዎቹ ትሪ አጠገብ፣ አንዲት ግራጫ ዝንብ ተቀምጣለች። በመሣሪያው ላይ እንዳታርፍ ብዬ በእጄ አባረርኳት። አልሄደችም። እንደገና አባረርኳት። ሐኪሙ ከበሩ ላይ ሆነው ያዩኝ ኖሮ ሲስቁ ሰማኋቸው። ቀርቤ ሳያት ዝንብ አልነበረችም። ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር በተጣበቀች አውራ ጣት በምታህል ሞርሳ፣ ባለ መንጋጋ የብረት መያዣ፣ ላይ ትንሽ መንጠቆ ተቆንጥጧል፤ በመንጠቆው ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ ክንፍ፣ ሆድና ጭራ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ወንዝ ላይ ሲጥሉት ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት እንደሚውጠው አስረዱኝ። ከዚያ ወደ ቀሚሴ ኮሌታ ጠቆሙ።

«ይህን የጠለፍሽው አንቺ ነሽ?»

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ፤ አፌ ደንዝዞ መናገር አቅቶኝ ነበር።

«እንግዲያው ትችያለሽ» አሉና ጥርሴን ነቀሉት።

እብጠቱ ሲጠፋ ተመልሼ ሄድኩ። ምሳ ሰዓታቸውን ትተው አንዲት ዝንብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኔ እያየ ሠሩ። ክሩ የት እንደሚጀመር፣ ላባው በየትኛው ወገኑ እንደሚጠመጠም፣ ጣት የት እንደሚያርፍ እያሳዩኝ። ሰዓት ሙሉ ስለ ክርና ስለ ላባ ብቻ አወራን። ለቀምት ከገባሁ ወዲህ ስለማውቀው ነገር ከሰው ጋር የተነጋገርኩበት የመጀመሪያው ሰዓት ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ነይ አሉኝ።

በሳምንቱ ስሄድ ክፍሉ ተዘግቷል። ደምቢ ዶሎ ያለው ክሊኒክ ሐኪም አጥቶ በሁለት ቀን ውስጥ ወደዚያ አዛውረዋቸው ነበር። የክሊኒኩ ነርስ፣ የእሳቸው አገር ሴት ናት፣ ፊቴን አይታ መሰለኝ ከመደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ አወረደችልኝ። ሐኪሙ ትተውት የሄዱት ነው፤ ግን የክሊኒኩ ስለሆነ በሁለት ሳምንት መልሺ አለችኝ።

መጽሐፉ በእነሱ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አንዲት መስመር አላነብም። ሥዕሎቹ ግን ቁጥር ነበራቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እጅና ክር ብቻ። ለጥልፍ ንድፍ የምጠቀምበትን ስስ ወረቀት እየደረብኩ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ገለበጥኳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ የሠራሁት ያንኑ ነበር። መጽሐፉን ስመልስ ሠላሳ ያህል ወረቀት በእጄ ነበር፤ ማስተማሪያዬ እሱ ሆነ።

ከዚያ ዕቃ ፍለጋ ጀመርኩ። ሞርሳ በከተማው የነበረው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ በሬ የሚያስር ግዙፍ ነገር። መካኒኩ የምፈልገውን ሲረዳ አንዲት አሮጌ ፒንሳ ሰጠኝ፤ እጀታዋን በቢስክሌት የውስጥ ጎማ ከለመዳሪ ቁራጭ ጠቅልዬ ሳጠብቃት መንጠቆውን ነክሳ ትይዛለች። ክሩን ከጥልፍ ዕቃዬ አገኘሁ። ክሩ እንዳይንሸራተት በሰም መታሸት አለበት፤ ለዚያ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ጧፍ በቃ። ለዝንቧ ሆድ የሚዞረውን ወርቃማ ክር ደግሞ የካህናት ካባ ከሚሰፉት የጎጃም ሰው ጠየቅኩ፤ ከሙካሻቸው ትርፍራፊ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ የሴት ልጅ ጥልፍ መስሏቸው ይሆናል።

መንጠቆ ግን ለቀምት ውስጥ አልነበረም። የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ሾፌር ያመጣልኝ ዘንድ ለመንኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት አዞ የሚያጠምዱበት የሚመስል፣ ጣቴን የሚያህል መንጠቆ ይዞልኝ መጣ። ደስ ብሎት ስለሰጠኝ አመሰገንኩት። በሚቀጥለው ጉዞው ግን ከገለበጥኳቸው ሥዕሎች አንዱን፣ መንጠቆው በልኩ የተሣለበትን፣ በፖስታ ሰጠሁት። እሱን ሱቅ ለሱቅ እያሳየ ፈልጎ ትክክለኛውን አመጣ።

የቀረው ላባው ነበር። የቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ዶሮ የሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ቆሜ ወደ አውራ ዶሮዎቹ አንገት እጠቁማለሁ፤ በደንብ የያዝኳት የመጀመሪያ የኦሮምኛ ቃል «ሞርመ»፣ አንገት፣ ነበረች። ዶሮውን አልፈልግም፤ ከአንገቱ ላይ አምስት ስድስት ላባ ብቻ ንቀሉልኝ እላለሁ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ከሁሉም ይልቅ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረውን ገብስማ። መጀመሪያ ሳቁ። በሁለተኛው ቅዳሜ መሳቅ ተዉ። በሦስተኛው አንዷ ዶሮዋን በነጠላዋ ሸፈነችብኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አስጠሩኝ። እሳቸውም የጎጃም ሰው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸውን መርጠው የሚናገሩ። ከገበያ ወሬ መጥቷል አሉኝ። መምህርቷ የአውራ ዶሮ ላባ ትሰበስባለች፣ ቤቷን ዘግታ አንድ ነገር ታስራለች፣ ድግምት ነው እየተባለ ነው። የተማሪ ወላጆችም ጠይቀዋል። ሊገስጹኝ ሳይሆን ሊሰሙኝ እንደጠሩኝ ገባኝ። ቦርሳዬን ከፍቼ አንዷን ዝንብ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩዋት።

«ዝንብ ናት?»

«አይደለችም። ዝንብ እንድትመስል ነው።»

«ለምን?»

«ዓሣ እንዲበላት።»

«ዓሣ ታጠምጃለሽ?»

«አላጠምድም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ቀጥለው ምን እንደሚጠይቁኝ እኔም እሳቸውም አላወቅንም። በመጨረሻ እሳቸው ነገሩ ክፉ እንዳልሆነ እንደሚያምኑኝ፣ ሆኖም ከገበያ ላባ መግዛቱን እንድተው፣ በልጃገረዶቹም ፊት እንዳላደርገው ነገሩኝ። እሺ አልኳቸው። ከቢሮው ስወጣ ያስለቀሰኝ ወሬው አልነበረም። «ለምን» ሲሉኝ እውነተኛውን መልስ አለመናገሬ ነው። ሰዓት ሙሉ ያነጋገረኝን ሰው ፍለጋ ነው ብል ማን ይገባዋል?

ገበያ መሄድ ተውኩ። ባሉኝ ጥቂት ላባዎች ስሠራ ከመጀመሪያው ያስቸገረኝ ነገር ግን አልተፈታም ነበር፤ የመጨረሻው ቋጠሮ። በዝንቧ ጭንቅላት ላይ ክሩ በራሱ ሥር ገብቶ መታሰር አለበት፤ በመጽሐፉ በስድስት ሥዕል ተሥሏል፤ እኔ ግን ከሦስተኛው ወደ አራተኛው እጁ እንዴት እንደዞረ ሊገባኝ አልቻለም። እንደ ልብስ ስፌት እቋጥረዋለሁ፤ በማግሥቱ ይፈታል። ከስንት ሙከራ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ሁለት ዝንቦቼን በክብሪት ቀፎ አድርጌ ነርሷ ወደ ደምቢ ዶሎ ከምትልከው መድኃኒት ጋር እንድትልክልኝ ሰጠኋት።

ሁለት ወር አለፈ። የመጣልኝ ደብዳቤ አልነበረም። አንድ ትልቅ ሚስማር ነው። በሚስማሩ ላይ ወፍራም ቀይ የሹራብ ክር ተጠምጥሟል፤ ቋጠሮው ሳይጠብቅ ላላ ብሎ እንደተተወ። ክሩን ቀስ እያልኩ አንድ ዙር ፈታሁት፣ መልሼ አሰርኩት። ሁለት ዙር ፈታሁ፣ መለስኩ። ሙሉውን ፈትቼ ሙሉውን ሳስረው እጁ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው እንዴት እንደሚዞር በጣቶቼ ገባኝ። ከሚስማሩ ጋር የታሰረች ቁራጭ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት ነገር ብቻ ተጽፎ ነበር፦ ቀስ ብለሽ። እንደገና።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሦስት ጊዜ ተላላክን። እኔ የሠራሁትን እልካለሁ፤ ሐኪሙ እኩሌታውን ፈትተው፣ የተበላሸበትን ቦታ በራሳቸው እጅ እንደገና ሠርተው ይመልሱልኛል። ስለ ጤናም፣ ስለ አገርም አንጽፍም ነበር። ክንፉ አጥሮ ከመጣ ረዝሞብኝ ኖሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ለማንም አይነገርም። በመሃከሉ ያሉት ወራት ግን ያው ባዶ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ደጃፌ ላይ የቅል ክዳን ተደፍቶ ተቀምጧል። ገልጬ ሳየው የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ቆዳ ነው፤ ሙሉውን ከነላባው ተገፎ፣ ጨውና አመድ ተነስንሶበት፣ በፀሐይ ደርቋል። አዮ ናቸው። ከዘመዳቸው ሠርግ ያመጡት መሆኑን በምልክት ነገሩኝ። የገበያውን ወሬ ሰምተው ይሁን፣ ከመስኮቴ አይተውኝ ይሁን አላውቅም። ላመሰግናቸው ስሞክር ቃሉ ጠፋኝና እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ሳብ አድርገው ወደ ጓሯቸው ሄዱ።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ከደምቢ ዶሎ የመጨረሻው ጥቅል መጣ። አሁን ከሁለት ቃል በላይ ነበረው። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ክሩ እንደማይታያቸው፣ ከገና በኋላ ለዘለቄታው ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ፣ እዚያ ልጅ ሆነው ያጠምዱበት የነበረ ወንዝ እንዳለ ጽፈዋል። ስድስት የገብስማ ዝንብ ልትሠሪልኝ ትችያለሽ ወይ ይላል። ከጥቅሉ ውስጥ ስድስት መንጠቆ ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት የለም። ሁለቱን አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። አዮ ከሰጡኝ የዶሮ ቆዳ ላይ መልካም መልካሙን ላባ ነቅዬ ጨረስኩ። በክብሪት ቀፎ ጥጥ አንጥፌ ደርድሬ ለነርሷ ሰጠኋት። ጥር ገባ፤ መልስ የለም። ነርሷን ጠየቅኳት። ሐኪሙ ከታሰበው ቀን ቀድመው እንደተነሡ፣ ጥቅሉ ደምቢ ዶሎ ሲደርስ እንዳልነበሩ፣ የክሊኒኩ ሰዎች ወደ አገራቸው አስተላልፈውት ይሆናል አለችኝ። አድራሻ አለሽ ወይ አልኳት። ትፈልግልኝ ዘንድ ቃል ገባች። እሷም በየካቲት ለዕረፍት ሄደች፤ በቦታዋ የመጣችው ሐኪሙን አታውቃቸውም።

ዝንቦቹ ይድረሱ አይድረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። በለቀምትም ሆነ ከለቀምት ውጪ የሠራሁት ነገር ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው አንድ ነገር ታወቀኝ፤ የሠራኋትን ዝንብ ዓሣ ሲያያት አንድም ቀን አላየሁም። ወንዝ እንኳ ሄጄ አላውቅም።

በአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት አንድ ማለዳ ወደ ጊምቢ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደዴሳ ድልድይ ላይ አውርደኝ ስለው ሾፌሩ ዘመድ አለሽ ወይ አለኝ። አዎ ብዬ ዋሸሁት። ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ለማጥመጃ ያዘጋጀሁትን ረዥም ሸንበቆ አወረደልኝ። ጫፉ ላይ ናይሎን ክር፣ በክሩ ጫፍ ከቀድሞዎቹ የቀረችኝ አንዲት ገብስማ ዝንብ ነበረች።

የቆላው ሙቀት ፊቴን መታኝ። የድልድዩ ዘበኛ፣ ጠመንጃ የያዘ ጎልማሳ፣ ከጥላው ተነሥቶ መጣ። ማን እንደሆንኩ፣ ለምን ብቻዬን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። መምህርት መሆኔን፣ ዓሣ ልሞክር እንደመጣሁ ነገርኩት። ሸንበቆዬን አየ፣ ጫማዬን አየ። አዞ ስላለ ከውሃው ዳር ሦስት እርምጃ ርቄ እንድቆም፣ ከትልቁ ድንጋይ እንዳልወርድ አዘዘኝና ራሱ ከኋላዬ ቆመ።

ውሃው ጎድሎ ጠርቷል። ዝንቧን ከድንጋዩ ሥር ውሃው ወደሚዞርበት ጣልኳት። ሄደች፤ ተመለሰች። እንደገና። ፀሐዩ አናቴ ላይ ወጣ፤ ክንዴ ዛለ። ዘበኛው ሰልችቶት ወደ ጥላው ሊመለስ ሲል ነው አንድ ቢጫ ጎን ከሥር የተገለበጠው። አፉ ሲከፈት አየሁ። ዝንቧ ጠፋች፤ ሸንበቆው ከእጄ ሊወጣ ጎበጠ። ዘበኛው «ያዢው» አለ። ያዝኩት። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ክሩ ቀለለ። ናይሎኑ ከዝንቧ ሥር ተበጥሶ ነበር።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው አጠገቤ መጥቶ ክንዱን እስከ ክርኑ ለክቶ ይህን ያህላል አለ። ሊያጽናናኝ ይሆናል፤ ግን አይቶታል፤ እሱም አይቶታል። ከጊምቢ የሚመለሰው መኪና እስኪመጣ ድረስ ውሃውን እያየን ቆየን።

ለቀምት ስደርስ ፀሐይ እየገባች ነበር። አዮ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅማሉ። ሌላ ቀን ቢሆን እጅ ነሥቼ ወደ ክፍሌ እገባ ነበር። ያን ቀን ግን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ባለችኝ ኦሮምኛ ሁሉ መናገር ጀመርኩ። «ቁርጡሚ ጉዳ» አልኳቸው፤ ትልቅ ዓሣ። የጎደለኝን ቃል በእጄ አሳየኋቸው፤ ሲጎብጥ፣ ሲበጠስ። አዮ የስንዴውን ሰፌድ ወደ ጎን አደረጉ። የተሳሳትኩትን ቃል እያቃኑልኝ፣ እኔ እየደገምኩ፣ ታሪኩ መጨረሻው ደረሰ።

«ማሊፍ ቆፋ ኬ?» አሉኝ። ለምን ብቻሽን ማለታቸው ነው።

መልሱን በአማርኛም አላውቀውም ነበር። አዮ ጉልበቴን መታ አደረጉኝና ሌላ ጊዜ ስትሄጂ ንገሪኝ፣ የወንድሜ ቤት እኮ ከወንዙ ማዶ ነው አሉኝ። ይህን ማንም ሳይተረጉምልኝ ነው የተረዳሁት።

በሳምንቱ ከወንድማቸው ዘንድ ሁለት ረዣዥም ሸንበቆ አስመጥተው ከቤቱ ጀርባ አቆሙ። በበጋው መጨረሻ ላይ አዮ ታመው ብዙ ጊዜ ተኙ፤ እስኪሻላቸው ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ ደዴሳም ደፈረሰ። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አርሲ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣልኝ። ሁለቱ ሸንበቆዎች ሳይነኩ እዚያው እንደቆሙ ትቻቸው ሄድኩ።